ቀዩ የፔርሙስ ክዳን

ባለፈው መጥተህ የዕቃ መደርደሪያዬን ስታስተካክልልኝ አንድ ቀይ የፔርሙስ ክዳን አገኘህና፣ «አክስቴ፣ ፔርሙሱ የሌለ ክዳን ምን ያደርግልሻል?» ብለህ ልትጥለው ነበር። ጮኽኩብህ። ደነገጥክ፣ ከዚያ ሳቅክብኝ። ግዴለም ሳቅ። አንተ ከሄድክ በኋላ ክዳኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ ምንም ሊሸት አይገባም፤ እኔን ግን ዝንጅብል ሸተተኝ። ዝንጅብልና ማር፣ ከዚያ ደግሞ አሮጌ የቡና ጆንያ። ስለዚህ ተቀመጥና ስማኝ፤ ነገሩ የአባትህም ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነቀምት ውስጥ ሰው በጠራራ ፀሐይ የሚታፈስበት ዘመን ነው። አባታችን ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የተቀበረ ሰው ነበርና በቤቱ ያለነው እናቴ፣ ወንድሜ አባትህና እኔ ብቻ ነበርን። አባትህን የወሰዱት ምሳ ላይ ነው። ሦስት ሆነው ገቡ። ወረቀት የት አለ አሉት፤ የምን ወረቀት አላቸው። አንደኛው በሰደፍ አፉን ሲለው ጉርሻው ከደምና ከአንድ ጥርስ ጋር ወለሉ ላይ ወደቀ። በእግሩ ጎትተው አወጡት። ደጃፉ ላይ ጭንቅላቱ ከደረጃው ጋር ሲጋጭ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ዱባ በተሰነጠቀ ቁጥር ይመጣብኛል። እናቴ ጉርሻውን አነሳችው። እነሱ ከዓይናችን እስኪሰወሩ በእጇ ጨብጣው ቆመች። ለምን እንዳነሳችው ጠይቄያት አላውቅም።

የታሰረው ከአብዮቱ በፊት የአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ ነበር። ሰው ሲመታ ጩኸቱ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ከሰውየው፣ አንዴ ከቆርቆሮው። እኛ ስንቅ የያዝን ሴቶች ከበሩ ፊት ለፊት ተሰልፈን ያንን እየሰማን ተራችንን እንጠብቃለን። ማልቀስ ክልክል ነው። ያለቀሰች ሴት ስንቋ አይገባላትም፤ አንዷን በዓይኔ እያየሁ ሹሮዋን ከነሰሃኑ ፊቷ ላይ ደፍተውባታል።

የበሩ ሕግ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ስንቅ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። «ቅመሺ!» ይላሉ፣ ትቀምሻለሽ፣ ትንሽ ይጠብቁና ያስገቡልሻል። ሁለተኛውን ማንም አልጻፈውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ባዶው ዕቃ ተመልሶ ከወጣልሽ ልጅሽ በሕይወት አለ። «ከነገ ጀምሮ አታምጪ» ከተባልሽ አበቃ። ቤትሽ ሄደሽ ድምፅ ሳታሰሚ ለቅሶ መቀመጥ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ስንቃችን እንዳለ ተመልሶ ወጣ። እናቴ ዕቃውን ከፍታ አየችው። «አልሞተም» አላት በረኛው። «ሆዱ እህል አልቀበል ብሎታል። የበላውን ሁሉ ያስመልሰዋል።» ሆዱን በጫማ እንደረገጡት የሰማነው በኋላ ነው።

ይሄ በረኛ የሽማግሌ ካፖርት ለብሶ የሚዞር ረጅም ሰው ነበር፤ በሙቀትም አያወልቀውም። እኛ ሴቶቹ ባለ ካፖርቱ እንለዋለን። በሩን የሚጠብቀውም፣ ውስጥ የሚገርፈውም እሱ ነው። ድሮ እዚያው መጋዘን ውስጥ ቡና ይሸከም ነበር ይባላል። ሲቆም አንድ እጁ ሁልጊዜ ሆዱ ላይ ነው።

እናቴ ከዚያ ቀጥታ ወደ ገበያ ሄደች። ዝንጅብል የምትሸጥልን አንዲት የኦሮሞ ሴት ነበረች፤ ዝንጅብሉን ቢላ ከሚባለው አገር ታስመጣለች፣ ከጎኗ ደግሞ ወተት ይዛ ትቀመጣለች። «አካም ቡልተን፣ አዴ? ጉርባን አካም ጂራ?» አለቻት፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጁስ እንዴት ነው ማለቷ ነው። እናቴ በተሰባበረ ኦሮምኛዋ «ገራ... ገራ ኢሳ» ብላ ሆዷን መታ መታ አደረገች። ሴትየዋ ከቅርጫቱ ሥር ለጋውንና ውኃ የቋጠረውን ዝንጅብል መርጣ አወጣችላት። «ዋቀዮ ሃ ባሱ» አለቻት፣ እግዚአብሔር ያውጣው። እናቴም «አሜን» አለች።

እናቴ ዝንጅብል ስትሠራ ሙያዋን ብታይ! በቢላ አትልጠውም፤ ጉልበቱ ከቆዳው ሥር ነው ብላ በማንኪያ ጠርዝ ነው የምትፍቀው። በሙቀጫ ትከካዋለች እንጂ አታደቅቀውም። በሸክላ ድስት ጥዳ አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨቱን ትጎትትና በፍሙ ብቻ ትተወዋለች። ሽታው ቤቱን ሞልቶ ዓይን መቆጥቆጥ ሲጀምር ታወርደዋለች፣ በነጠላ ጫፍ ታጠልለዋለች። ማሩን የምትጨምረው ጣቷን ነክራ መታገሥ ስትችል ነው። በመጨረሻ ግማሽ ሎሚ ትጨምቅበታለች። «ለታመመ ሆድ ቀጠን ተደርጎ ነው የሚሠራ» ትለኛለች፣ «ከወፈረ ቁስሉን ይልጠዋል።» አሁን ልጆች በፓኬት የሚገዙት ዱቄት አለ አይደል? እሱን ብታይ አፍንጫዋን ትይዝ ነበር።

ፊት ለፊታችን ካለው የጉራጌ ሱቅ ሰማያዊ ፔርሙስ ገዛችና ሞልታ ወሰደችለት። ከሰዓት በኋላ ፔርሙሱ ባዶውን ወጣ። እናቴ ጆሮዋ ሥር ይዛ ነቀነቀችው። ምንም የለም። መንገድ ላይ ዝም ብላ ስትስቅ አየኋት፤ እብድ የሆነች መስሎኝ ፈራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትህ ሆድ ውስጥ የሚያድር ነገር እሱ ብቻ ሆነ። እሱ ከቀረ አባትህም ይቀራል፤ ሁለታችንም ይሄን እናውቅ ነበር።

በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን ባለ ካፖርቱ እናቴ ከቀመሰች በኋላ ፔርሙሱን ተቀበላትና አሸተተው። ቀዳና ቀመሰ። ቆሞ ቆይቶ አገሳ፤ ፊቱ ሲፈታ ይታያል። «እግዜር ይስ...» አለና ጓዶቹ እንዳይሰሙት ግራ ቀኙን አይቶ አፉን ያዘ። ከዚያ ኮስተር አለ። «ነገ ለኔም አምጪ። ለብቻው። ከእስረኛ ጋር በአንድ ዕቃ አልጠጣም።»

ቀዩ ፔርሙስ የተገዛው ለእሱ ነው።

እኔ በገንኩ። «ልጅሽን የሚቀጠቅጠውን ሰውዬ ታክሚዋለሽ?» አልኳት። ድስቱን እያማሰለች፣ «ሆዱ ጋብ ያለለት ቀን እጁም ጋብ ይል ይሆናል፤ እኔ ምኑን አውቄ» አለች። «እኔ ሰማያዊው እንዲገባልኝ ነው የምፈልግ።»

እጁ ግን ጋብ አላለም። መጀመሪያ አካባቢ ቀዩንም ቅመሺ ይላት ነበር፤ ኋላ ለሰማያዊው ብቻ ሆነ። አመነን አልኩ በልቤ፤ ማመኑ ራሱ አናደደኝ። ሁለቱንም ፔርሙሶች ተቀብሎ ይገባል፣ እኛ ባዶውን እንጠብቃለን። አንድ ቀን ስንጠብቅ ድብደባው ተጀመረ። ቆጠርኩ፤ ከሃያ በኋላ አቃተኝ። ድምፁ የአባትህ ነበር። ሰው ወንድሙን በሳቁ ያውቀዋል፣ በዘፈኑ ያውቀዋል፤ እኔ በዚያ ጩኸት አወቅኩት። ከዚያ ጸጥ አለ። ባለ ካፖርቱ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ካፖርቱን አውልቆ እጅጌውን ሰብስቧል፤ ክንዱ ላይ ደም ተረጭቶበታል። በእጁ ቀዩ ክዳን አለ፣ ከክዳኑ እንፋሎት ይወጣል። ፉት እያለ ወደ እናቴ መጣና፣ «ልጅሽ ግትር ነው» አላት፣ ከባድ ጭነት ያወረደ ሰው እንደሚያማርረው። «ዛሬ ክንዴን አሳመመኝ።»

እናቴ «አይዞህ» አለችው። አይዞህ!

ባዶ ፔርሙሶቹንና የሚታጠበውን የአባትህን ሸሚዝ ይዘን ተመለስን። ሸሚዙ ደርቆ ብቻውን ይቆም ነበር። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ከርሟል፤ የምናጥበው በእንዶድ ነበር። የደረቀውን ፍሬ ወቅጬ ውኃው ላይ በተንኩት፣ ማሸት ጀመርኩ። አረፋው መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። ከጀርባው በኩል የቆዳ ቁራጭ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ አገኘሁ። ሀሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ልጅ ጭንቅ ሲይዛት እንዶድ ጠጥታ በማግስቱ ቀብረናታል። ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ቅዳሴ ስትሄድ ዝንጅብሉን እንዳወርድና ፔርሙሶቹን እንድሞላ ነገረችኝ። ሰማያዊውን እሷ እንደምትሠራው አድርጌ ሞላሁ። ለቀዩ እንዶዱን በዚያው ሙቀጫ አድቅቄ ወቀጥኩ፣ ዝንጅብሉን አበዛሁ፣ ማሩንም አበዛሁ፣ ክዳኑን ገጥሜ ነቀነቅኩት። ፈርቼ ነበር ብልህ ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። እንጉርጉሮ ሁሉ እያልኩ ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ ግን ባለ ካፖርቱ ቀዩን ከእናቴ እጅ አልተቀበለም። አኖ በሚባለው ከተማ አንድ ጠባቂ በጠላ ተመርዞ ሞተ የሚል ወሬ በዚያ ሳምንት ይወራ ነበር። «ከዚህም ቅመሺ» አላት።

እናቴ ምንም ሳይመስላት ክዳኑን ከፍታ ቀዳች። አረፋ ደፈቀ። የአንዲት ሴት ልጅ ሞኝነት እይልኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በእንዶድ ልብስ ሳጥብ ኖሬ፣ ሲነቀነቅ አረፋ እንደሚያወጣ ረሳሁት። ነጭ አረፋ በቀዩ ክዳን አፍ ላይ ተቆልሎ ወደ ጣቶቿ ወረደ። እናቴ አረፋውን አየች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዓይን ለመክደን የምትበቃ ጊዜ እንኳ አልሆነችም፤ ሁሉንም አወቀች።

«ምንድን ነው አረፋው?» አላት።

«ማሩ አዲስ ነው ጌታዬ» አለች። «አዲስ ማር አረፋ ያወጣል።»

«ጓድ በይ!»

«ጓድ» አለች። አረፋውን እፍ ብላ ወደ ዳር ገፋችውና ጠጣች። ፉት አላለችም፤ ክዳኑን ሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ ቆሜ ቆጠርኩ። መጮህ ነበረብኝ፣ አልጮኽኩም። ብጮህ ሦስታችንም የምናልቅ መሰለኝ፣ አባትህንም ጨምሮ ማለቴ ነው። አፏን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «ዝንጅብሉ በርትቷል» አለች። ክዳኑን በግራ እጇ ያዘች፣ ፔርሙሱን በቀኝ እጇ ስታቀብለው ለቀቀችው።

ደጃፉ ድንጋይ ነው። የውስጡ መስታወት ፈነዳ። ድንጋዩ ላይ አረፋ ሲቆለል እናቴ ስብርባሪውን የምትለቅም መስላ ላዩ ላይ ተንበረከከችና ቀሚሷን ዘረጋችበት። ጉልበቷን መስታወቱ ሲበላው ሰማሁት። «ሆን ብለሽ ነው!» ብሎ በሰደፍ ትከሻዋን አላት። አልተነሳችም። ደገማት። ጀርባዋን፣ ጎኗን፣ በመጨረሻ በጫማው ሆዷን። እሷ ከአረፋው ላይ አልተነሳችም። ልይዘው ስሮጥ በመዳፉ ፊቴን ብሎኝ ወደቅኩ፤ ይሄ ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ሴቶቹ በሙሉ መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። እናቴ አፏ ደም እንደሞላ ሰማያዊውን ፔርሙስ ወደ ላይ አነሳችለት።

«የልጄን አድርስልኝ፣ ጓድ።»

ተቀበላት። ከፈተው፣ እኛው ፊት በእጁ እየቀዳ የአባትህን ዝንጅብል እስከ ጠብታው ጠጣው፣ ባዶውን ሣሩ ላይ ወረወረው፤ አንስቼ ያዝኩት። ያን ቀን አባትህ ሆድ ውስጥ ምንም አልገባም።

እናቴ ከዓይኑ እስክንሰወር ቀጥ ብላ ሄደች። ቀዩ ክዳን በእጇ ነበር። ወደ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የሚወስደው መንገድ ጋ ስንታጠፍ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። መጀመሪያ አረፋ አስመለሳት፣ ቀጥሎ ደም። ዝንጅብል ሻጯ ሴት ወተቷን ይዛ ወደ ገበያ ስታልፍ አገኘችን። «ማል ታቴ?» ምን ሆነች ብላ ጮኸች፤ እኔ ምን እንደሆነች መናገር አቃተኝ። ሴትየዋ አንዴ አፏን፣ አንዴ እኔን አየች። «አነን ኦባሲ!» ብላ የወተት ዕቃዋን አስታቀፈችኝ፤ ወተት አጠጫት ማለቷ ነው። እኔ አጠጣለሁ፣ እሷ ጣቷን እናቴ ጉሮሮ ውስጥ ከትታ ታስመልሳታለች፣ እንደገና አጠጣለሁ። ለገበያ ያመጣችው ወተት በሙሉ ቦዩ ውስጥ ፈሰሰ። አንድ ነገር አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ሰማያዊውን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። «እናትሽስ?» አለኝ። «ታማለች» አልኩት። «ቅመሺ» አለኝ። ቀመስኩ። ግማሹ አገጬ ላይ ፈሰሰ። እንደሚገድለኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ተቀብሎኝ ገባ። ፔርሙሱ ባዶውን ሲወጣ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ በአራተኛው ቀን ከአልጋዋ ተነሳች። ግድግዳ እየያዘች ጓዳ ገባችና ሙቀጫውን በፈላ ውኃና በአመድ ደጋግማ አጠበችው። «እንዶድ ከዛሬ በኋላ በዚህ አይወቀጥም» አለች። ብትመታኝ እንዴት በወደድኩ!

አባትህ በክረምቱ ወጣ። በተረከዙ እየሄደ፣ አንገቱ ቀጥኖ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን እራት ላይ ጥርሱ በጎደለበት በኩል እየሳቀ ያወራን ጀመር። «ያ ባለ ካፖርት ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? ቀዩን ፔርሙስ ይዞ ይገባና መጀመሪያ እኔን ነበር የሚያጠጣኝ። በሰማያዊው ክዳን ሞልቶ ያጠጣኝና ቁጭ ብሎ ያየኛል። እናት ራሷን ልትገድል ትችላለች፣ ልጇን ግን አትመርዝም ይላል። ያ ሞኝ! በቀን ሁለቴ ያጠጣኝ ነበር። ያተረፈኝ እሱ ነው።»

እጄ ወጡ ላይ ቀረ። ለዚያ ነው ለካ ቀዩን ቅመሺ ማለት የተወው። እናቴን አየኋት፤ ጎንበስ ብላ ለአባትህ ወጥ ትጨምርለታለች። ያን ቀን በበሩ ላይ ስትጠጣው ይሄን ታውቅ ነበር? ወይስ ያሰበችው ስለ እኔ ብቻ ነው? አላውቅም። አባትህም ሳያውቅ ሞተ። ነግሬው ቢሆን ይስቅ ነበር መሰለኝ፤ ግን አልደፈርኩም።

የእናቴ ሆድ ከዚያ ወዲህ አልዳነም። በርበሬ ተወች፣ ጠላ ተወች። ዝንጅብል የማፈላው እኔ ሆንኩ፤ ቀጠን አድርጌ፣ ማሩን ጣቴን ነክሬ። የምትጠጣው በቀዩ ክዳን ነበር። በቤታችን አንድ ልማድ ተተክሎ ነበር፤ ማንም ለማንም የሚጠጣ ነገር ሲሰጥ መጀመሪያ ራሱ ፉት ይላል። ማንም አላዘዘንም። አንተም ልጅ ሆነህ ለእንግዳ ውኃ ስታቀብል እየቀመስክ ታስቀን ነበር፤ ከማን እንደወረስከው ይኸው። እኔ ከሁሉም አብልጬ እቀምስላት ነበር፣ እያየችኝ፣ በቀን ሦስቴ፣ ዓመት ከዓመት።

በመጨረሻው ሳምንቷ ከሆስፒታል ወደ ቤት መለሷት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ አልጋዋ ላይ ደርሳለች። ዝንጅብሉን ቀድቼ እንደ ልማዴ ክዳኑን ወደ አፌ ሳስጠጋው የእጄን አንጓ ያዘችኝ። እጇ ክብደት አልነበረውም።

«ተይው ልጄ» አለችኝ። «አትቅመሺልኝ። ያንቺን አንዴ እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ይበቃል።»

አልቅሼ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ጭንቅላቴን ዳበሰችኝና ዝንጅብሉ ሳይበርድ እንዳመጣላት በዓይኗ አሳየችኝ። ሁለት ጊዜ ፉት አለች። የተረፈውን እኔ ጠጣሁት፣ ክዳኑን አጥቤ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።